የጣቢያ ግድግዳ ላይ 60 ሜትር ሥዕል፦ በምን ይሠራ፣ የት ይሁን፣ ጣቢያውስ ማን ይባል?

ነዳፊው (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። የያዝኩት የመመረቂያ ንድፍ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ነው። ቦታው የሐሳብ ነው፤ ልኩ ግን ይኸውላችሁ፦ ከላይ ተቆፍሮ የኮንክሪት ሣጥኑ ከተሠራ በኋላ ተመልሶ የሚሸፈን፤ ሐዲዱ ከመንገዱ 18 ሜትር ዝቅ ያለ፤ ሐዲዶቹ ግራና ቀኝ ሆነው ተሳፋሪው መሐል የሚቆምበት አንድ ፕላትፎርም፣ 140 ሜትር ርዝመትና 10 ሜትር ስፋት ያለው። ባቡሩ በየአቅጣጫው በየ3 ደቂቃው ይመጣል፤ በቀን 18 ሰዓት ይሠራል። የከርሰ ምድሩ ውኃ ከሐዲዱ በላይ ይቆማል።

ከሐዲዱ ማዶ ባለው ግድግዳ ላይ 60 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ከፍታ ያለው አንድ ወጥ ሥዕል አስቤአለሁ። ጥያቄዎቼ፦

ሥዕሉን በቀጥታ ኮንክሪቱ ላይ በቀለም ማሠራት ይቻላል ወይስ የግድ ሞዛይክ መሆን አለበት? የስቶክሆልም ጣቢያዎች ዓለቱ ላይ ተቀብተው 50 ዓመት ቆይተዋልና እኔስ ግድግዳውን ዋሻ ባስመስለው? ስሙንም በአንድ ታዋቂ ሰው ልሰይመው ነው፤ ሥዕሉ የዚያን ሰው ሕይወት ይተርካል። ምን ይጎድለዋል?


ውኃ ልክ

ወንድም፣ ከቀለሙ በፊት ውኃውን አስብ። ውኃው ከሐዲዱ በላይ ከቆመ ያ ግድግዳ ጣቢያው እስካለ ድረስ ከኋላው እየተገፋ ይኖራል። ጥሩ ሜምብሬን (ውኃ የሚከለክል ልባስ) ቢለብስም ውኃ መግቢያ አያጣም። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ኮንክሪቱ በተለያየ ቀን ተሞልቶ በተገናኘበት መስመር፣ ወለሉና ግድግዳው በሚጋጠሙበት ጥግ፣ ቧንቧና ገመድ በሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። እየወጣ ከኮንክሪቱ ኖራ ያጥባል፤ ፊቱ ላይ ደርሶ ሲደርቅ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ቀለሙ እንደ አክሪሊክ ወይም ኢፖክሲ እርጥበት የማያሳልፍ ከሆነ ደግሞ ከኋላ ተገፍቶ ያብጣል፣ ከዚያ በንጣፍ በንጣፍ ይላጣል። የሲሊኬት ቀለም ከኮንክሪቱ ጋር ተዋሕዶ እርጥበት ስለሚያሳልፍ አይላጥም፤ ነጩን ቅርፊት ግን እሱም አያስቀርም።

ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው። የሚያፈስ መስመር የሚታከመው በመሰርሰሪያ ነው። ግድግዳው ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ተበስቶ ፖሊዩሪቴን (ስንጥቅ የሚደፍን ሙጫ) በግፊት ይገባበታል። ሥዕሉ ኮንክሪቱ ላይ ከሆነ የሚበሳው ሥዕሉ ነው።

ስቶክሆልምን ከዚህ ጋር አታወዳድር። እዚያ ጠንካራ ዓለት በፈንጂ ተፈልፍሎ፣ የዓለቱን ቅርጽ እንደተከተለ በግፊት የሚረጭ ስስ ኮንክሪት ለብሷል። ከስንጥቆቹ የሚወጣውን ውኃ ከልባሱ ኋላ የተቀበሩ ማፋሰሻዎች ወደ ታች ያወርዱታል፤ ስለዚህ ቀለም የተቀባው ፊት የውኃ ግፊት አይሸከምም። በቲ-ሴንትራለን ሰማያዊ መስመር ፔር ኦሎፍ ኡልትቬት የሣላቸው ሰማያዊ ሐረጎች (1975፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ያረፉት በእንዲህ ያለ ልባስ ላይ ነው። ኡልትቬት የጣቢያውን ሠራተኞች ጥላ ምስል እዚያው ጣሪያ ላይ አኑሮላቸዋል። በ1977 የተከፈተው ኩንግስትሬድጎርደን ደግሞ ዓለቱን አንዳንድ ቦታ ራቁቱን ትቶታል፤ ውኃው ሲወርድ ይታያል፣ እንዲታይም ታስቦ ነው። የአንተ ሣጥን ውኃን ወደ ውጭ የሚመልስ መርከብ ነው፤ የእነሱ ውኃን አስገብቶ የሚሸኝ ዋሻ። በሣጥን ውስጥ ዋሻ ማስመሰል ማለት ከግድግዳው ፊት ጎርባጣ ቅርፊት መስቀል ነው። ቦታ ይበላል፣ አቧራ ያከማቻል፣ ፍሳሹን ይደብቃል። ለእኔ ከሁሉም በላይ ውሸት ስለሆነ አልወደውም፤ ይህ ግን የጣዕም ጉዳይ ነው።

የሚሠራው መንገድ ሁለተኛ ግድግዳ ነው። ሥዕሉን የተሸከሙት ፓነሎች ከኮንክሪቱ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሜትር ተነጥለው በማይዝግ ብረት ቅንፍ ይሰቀላሉ። ቅንፉ 316 የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ 304 በእርጥበትና በጨው ይነካል። ከታች የሚጠረግ አሸንዳ ይኑር፤ አሸንዳው በኖራ ስለሚደፈን በየጥቂት ሜትሩ የሚከፈት መጥረጊያ ያስፈልገዋል። ዋናው ሕግ ግን ይህ ነው፦ ማንኛውም ፓነል ጎረቤቱ ሳይነካ ብቻውን መውረድ አለበት። አንዱ በሌላው ላይ የሚነባበር አገጣጠም ካደረግህ አንዲት ፍሳሽ ለመዝጋት 20 ሜትር ሥዕል ታወርዳለህ።


ጠጠር በጠጠር

ቀለም ይቅር በሚለው እስማማለሁ። ሞዛይክ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይቅደም። 60 በ3 ሜትር 180 ካሬ ሜትር ነው። ባለ20 ሚሊ ሜትር የመስታወት ጠጠር በ2 ሚሊ ክፍተት ሲደረደር በካሬ ሜትር 2,066 ገደማ ይገባል፤ በጠቅላላው 372,000 ያህል። ይህን ማንም ዋሻ ውስጥ አንድ በአንድ አይለጥፍም። ወርክሾፕ ውስጥ ጠጠሩ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ወረቀት ላይ በውኃ በሚለቅ ማጣበቂያ ይደረደራል። በዚህ አሠራር ሥዕሉ ስለሚገለበጥ ከሥር የሚነጠፈው የሥራ ንድፍ ግራና ቀኙ ተለዋውጦ መታተም አለበት። ሥዕሉ ጽሑፍ ካለበት ይህ ሲረሳ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። 15 በ15 ጠጠር የያዘ ወረቀት 33 ሴንቲ በ33 ሴንቲ ይሆናል፤ 1,650 ገደማ ወረቀት ማለት ነው። በእያንዳንዱ ጀርባ የረድፉና የዓምዱ ቁጥር፣ ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስትም ይጻፍ። ቀስቱ ከሌለ ሰማይና ባሕር የመሰለ አንድ ወጥ ቀለም ያለው ክፍል ተገልብጦ ይለጠፋል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ ይታወቃል።

ማጣበቂያው ነጭ ይሁን። የመስታወት ጠጠር ብርሃን ስለሚያሳልፍ ግራጫ ማጣበቂያ ከኋላው ቀለሙን ያጠቁረዋል። ደረጃው ሲ2 ኤስ1 ይሁን፤ ሲ2 የመያዝ አቅሙ ቢያንስ 1 ኒውተን በካሬ ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ ኤስ1 ደግሞ ሲነቃነቅ ትንሽ መታጠፍ መቻሉን ይነግርሃል። ወረቀቱ እርጥቦ የሚላጠው ማጣበቂያው ሳይደርቅ ነው፤ የዞረች ጠጠር የምትቃናው ያን ጊዜ ብቻ ነውና።

ብዙ ሰው የሚስተው በጠጠሮቹ መሐል ባለው ክፍተት የሚገባውን የመሙያውን ቀለም ነው። በ20 ሚሊ ጠጠርና በ2 ሚሊ ክፍተት ከፊቱ 17 በመቶው መሙያ ነው። በነጭ ከሞላኸው ሥዕሉ በሙሉ ይገረጣል፣ በጥቁር ከሞላኸው የደመቁት ቀለሞች ይበታተናሉ። አንድ ካሬ ሜትር ናሙና በሦስት ዓይነት ግራጫ አስሠርተህ ጣቢያው በሚኖረው መብራት ሥር አቁመህ እየው። መብራቱን ከግድግዳው ጥግ አስጠግተህ ወደ ታች ብታበራው ደግሞ የግማሽ ሚሊ ሜትር ጉብታ እንኳ ጥላ ይጥላል።

በየ4 ሜትሩ ገደማ የሚላወስ መገጣጠሚያ ያስፈልጋል። የሣጥኑ የራሱ መገጣጠሚያ ያለበት ላይ ደግሞ ሞዛይኩ ሳይወድ በግድ ይቆረጣል። የመገጣጠሚያዎቹን ንድፍ ለሠዓሊው ከመጀመሪያው ስጠው፤ ካልሆነ መስመሩ የአንድን ሰው ፊት ለሁለት ይከፍለዋል። መቁረጫው ቀጥ ያለ መሆን የለበትም፣ የጠጠሩን ረድፍ ተከትሎ እየተጠማዘዘ ቢሄድ ከሁለት ሜትር አይታይም።


የሌሊት ፈረቃ

ከላይ የተባለው ሞዛይክ ያምራል፤ ከሐዲድ ማዶ ግን አይስማማኝም። ምክንያቱ አቧራው ነው። የጎማው ብረት፣ ሐዲዱና ፍሬኑ ሲፋተጉ የሚበነው ብረት ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው ዝጎ ብርቱካንማ ይሆናል፣ መሙያውም ይጠጣዋል። 372,000 ጠጠር ማለት ስንት ኪሎ ሜትር መሙያ እንደሆነ አስሉት። የሚጠረግበት ሰዓት ደግሞ ጠባብ ነው። መስመሩ 18 ሰዓት ከሠራ 6 ሰዓት ይተርፋል። ከዚያ ላይ የባቡሩ ኃይል (ብዙ ቦታ በሦስተኛ ሐዲድ 750 ቮልት ነው) የሚቋረጥበትና የሚረጋገጥበት፣ ዕቃ የሚገባበትና የሚወጣበት፣ ሐዲዱ ነጻ መሆኑ የሚታይበት ሲቀነስ ለእጅ ሥራ የሚቀረው ከ3 እስከ 4 ሰዓት ነው። ያ ጊዜ መጀመሪያ የሐዲድና የምልክት ሰዎች ነው፤ ሥዕል ወረፋው መጨረሻ ላይ ይቆማል።

ስለዚህ እዚያ ግድግዳ ላይ ኢናሜል የተጋገረበት ብረት ይሻላል፤ 800 ዲግሪ አካባቢ ብረቱ ላይ የቀለጠ መስታወት ስለሆነ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ሥዕሉም በዚያው እሳት ስለሚገባ አይደበዝዝም። ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ ኢናሜል ከተጋገረ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም። የተበሳ ቦታ መስታወቱ ተሰንጥቆ ከጠርዙ ይዝጋል። ስለዚህ የካሜራው፣ የድምፅ ማጉያው፣ የአደጋ ስልኩ፣ የስም ሰሌዳው ቀዳዳ ሁሉ ፓነሉ እቶን ከመግባቱ በፊት መታወቅ አለበት። የኤሌክትሪክ ንድፉ ዘግይቶ የደረሰበት ጣቢያ ላይ ሥዕሉ ፊት የተዘረጋ የገመድ ቧንቧ የምታየው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛ፣ ክብደት። የ2 ሚሊ ብረት ብቻውን በካሬ ሜትር 16 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 1.2 በ2.4 ሜትር ፓነል 46 ኪሎ ይሆናል፤ 1.2 በ1.2 ከሆነ 23 ኪሎ ነውና ሁለት ሰው በሌሊት ያለ ማንሻ ያወርደዋል።

ባቡሩ በገባና በወጣ ቁጥር አየሩ ግድግዳውን ይገፋል፣ ይስባል። በአንተ ልክ በቀን 720 ባቡር ያልፋል፤ በዓመት 262,800፣ በ50 ዓመት 13 ሚሊዮን ግፊት። ብሎን የሚላላው ከክብደት ሳይሆን ከዚህ ነው። የግፊቱን መጠን ከዋሻ አየር ስሌት ሰዎች ተቀበል፤ የማይላላ ዳዶ ተጠቀም፤ በየፓነሉ ጀርባ ደግሞ ቅንፉ ቢለቅ የሚይዝ አጭር የብረት ገመድ አድርግ፣ የሚወድቀው ሐዲድ ላይ ነውና። የብረት ፓነሎቹ ከመሬት ገመድ ጋር እንዴት እንደሚያያዙም የኃይል ክፍሉ ይወስን፤ በግምት ከአርማታው ብረት ጋር ማገናኘት የባቡሩ ተመላሽ ጅረት በዚያ እንዲያልፍና ብረቱን እንዲበላው በር ይከፍታል።

የእሳቱን ነገር ማንም አላነሣም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 18 ቀን 1987 የለንደኑ ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ሲቃጠል 31 ሰው ሞቷል። የተጣለ ክብሪት ከእንጨት በተሠራ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ሥር ከተጠራቀመ ቅባትና ቆሻሻ ጋር ተገናኘ፤ የደረጃው ቦይ ነበልባሉን ወደ ላይ እንደ ቱቦ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ለምድር ውስጥ ጣቢያ የሚቀርብ ማንኛውም ዕቃ የሚጠየቀው ይቃጠላል ወይ ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ያጨሳል፣ እየቀለጠ ይንጠባጠባል ወይ ተብሎ ነው። በአውሮፓ ደረጃ ኤ1 ወይም ኤ2-ኤስ1፣ ዲ0 ፈልግ፤ የማይቃጠል ወይም እምብዛም የማይቃጠል፣ ብዙ የማያጨስ፣ የማይንጠባጠብ ማለት ነው። አክሪሊክ፣ ፎም፣ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ)፣ ጨርቅ ሁሉ በዚህ ይወድቃሉ። ሞዛይክና ኢናሜል በራሳቸው ያልፋሉ፤ የሚጥላቸው ከኋላቸው የተደረገው ሙጫና ሰሌዳ ነው። የፈተናው ወረቀት ለሙሉው ጥቅል መሆኑን አንብብ።


በር ጠባቂ

ለነዳፊው አንድ ጥያቄ፦ ፕላትፎርሙ ጠርዝ ላይ የመስታወት በር አለ?


ነዳፊው

አዎ፣ ባቡሩ ያለ አሽከርካሪ የሚሄድ ስለሆነ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ በር አለው። በየጎኑ 24 በር። ከሥዕሉ ጋር ምን አገናኘው?


በር ጠባቂ

እንግዲህ 60 ሜትሩን ሥዕል ማንም አያየውም። ሙሉ በር ካለ ፕላትፎርሙ ብሩህ፣ የሐዲዱ ጎን ጨለማ ነው፤ መስታወቱ የሚያሳይህ የራስህን ፊትና የኋላህን መብራት ነው። የሐዲዱን ጎን ብታበራው እንኳ በየሁለት ሜትሩ የበሩ ዓምድ፣ ከላይ የሞተሩ ሣጥን ይቆርጠዋል። ሌኒንግራድ (የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) በ1961 ፓርክ ፖቤዲ የሚባለውን ጣቢያ ስትከፍት ባቡሩ ከብረት በር ኋላ ነበር የሚቆመው፤ ጌጡ ሁሉ ወደ ውስጠኛው አዳራሽ መግባቱ የግድ ነበር። ከላይ ስለ አቧራና ስለ አየር ግፊት የተባለው ትክክል ነው፤ ግን አሁን የሚመለከተው በሮቹንና ከእነሱ ማዶ ያለውን ነው። ከበሩ ወዲህ አቧራውም ግፊቱም በእጅጉ ይቀንሳል፤ እንግዲህ ሞዛይኩ ይመለስ።

የት ይሁን ካልክ፣ ሰው ዓይኑ ሥራ የሚፈታበትን ቦታ ፈልግ። ፕላትፎርምህ ከሐዲዱ 1 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ከመንገዱ 17 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የትኬት አዳራሹን ከፕላትፎርሙ 6 ሜትር በላይ ብታደርገው ከመንገድ እስከ አዳራሽ 11 ሜትር ይቀራል። ተንቀሳቃሽ ደረጃ በ30 ዲግሪ ስለሚያዘነብል የዚያ ርዝመት 22 ሜትር ነው፤ በሴኮንድ 0.65 ሜትር ሲሄድ 34 ሴኮንድ ይፈጃል። 34 ሴኮንድ ሙሉ ሰው ቆሞ፣ እጁ መደገፊያው ላይ ሆኖ፣ ሥዕሉ እኩል ፍጥነት ይዞ በፊቱ ያልፋል። ከዚህ የተሻለ ቦታ ጣቢያው ውስጥ የለም። ኔፕልስ በ2012 የከፈተችው ቶሌዶ ጣቢያ ይህን ያውቃል፤ አርክቴክቱ ኦስካር ቱስኬትስ ብላንካ ወደ ታች በወረድህ ቁጥር ሰማያዊው ሞዛይክ እንዲበረታ አድርጎ ከላይ እስከ መንገዱ የሚደርስ የብርሃን ጉድጓድ ከፍቶበታል። ችግሩ መወጣጫ ነው፦ ከደረጃው በላይ 5 ሜትር ላይ ያለ ጠጠር ለመጠገን ደረጃው ቆሞ፣ ርብራብ ተሠርቶ ነው። የርብራቡን ማሰሪያ ቀለበት አስቀድመህ ግድግዳው ውስጥ ቅበርለት።

ሁለተኛው ምርጫ ጣሪያ ነው። በሞስኮ ማያኮቭስካያ (1938፣ አርክቴክቱ አሌክሴይ ዱሽኪን) 34 የአሌክሳንደር ዴይኔካ ሞዛይኮች በጣሪያው ሞላላ ጉልላቶች ውስጥ ተቀምጠዋል። ማንንም መንገድ አይዘጉም፣ ማንም አይነካቸውም። ዋጋው ደግሞ ቀና ብሎ፣ ልክ ከሥሩ ቆሞ ያላየ ሰው ሳያያቸው ማለፉ ነው። ጣሪያ ላይ ማጣበቂያ ብቻውን አይበቃም፤ ጠጠሩ የተለጠፈበት ሰሌዳ በብሎን መያዝ አለበት።

ሥዕል የማይቀመጥበትን ልንገርህ፦ ተንቀሳቃሽ ደረጃ የሚያልቅበት ፊት ለፊት። 1 ሜትር ስፋት ያለው ተንቀሳቃሽ ደረጃ በሴኮንድ 0.65 ሜትር ፍጥነት በሰዓት እስከ 7,300 ሰው እንደሚያወርድ በስሌት ይያዛል፤ በደቂቃ ከ120 በላይ ነው። አንድ ሰው ቆሞ ፎቶ ካነሣ ከኋላው ያለው መቆም አይችልም። ፕላትፎርሙ መሐል የቆመ ቅርጽም እንዲሁ። ኤንኤፍፒኤ 130 የሚባለው የአሜሪካ የባቡር ጣቢያ የእሳት ደኅንነት መመሪያ ፕላትፎርሙ በ4 ደቂቃ ባዶ እንዲሆን፣ የመጨረሻው ሰው በ6 ደቂቃ አስተማማኝ ቦታ እንዲደርስ ይጠይቃል፤ ቅርጹ የወሰደው ስፋት ከዚያ ስሌት ላይ ይቀነሳል። ቀይና አረንጓዴ መብራት ያለበት ሥራም ከሐዲድ በኩል የሚታይ ከሆነ አይፈቀድም፤ ሰው የሚነዳው የጥገና ባቡር በሌሊት ስለሚያልፍ ምልክት ነው ብሎ ሊያነበው ይችላል።


ሰሌዳ ጸሐፊ

ወደ ስሙ ልሂድ፤ ሌሎቹ ዝም ብለው አልፈውታል።

የጣቢያ ስም ጌጥ ከመሆኑ በፊት መሣሪያ ነው። በጩኸት መሐል በድምፅ ማጉያ ተሰምቶ መለየት፣ በካርታ ላይ ሁለት መስመር ሳይሆን መቀመጥ፣ እንግዳ ሰው ከላይ ያለውን ሰፈር እንዲገምትበት መርዳት አለበት። ዋሽንግተን ስሞቿ እየረዘሙ ካርታው መሸከም ሲያቅተው ዋናው ስም ከ19 ፊደል እንዳይበልጥ ወሰነች፤ ትርፉን በ2011 ወደ ንዑስ ስም አወረደች። ሜክሲኮ ሲቲ በ1969 ሜትሮዋን ስትከፍት ማንበብ የማይችል ተሳፋሪ ስለነበራት ለየጣቢያው ላንስ ዋይማን የነደፈው ምስል ሰጠች፤ ፒኖ ሱዋሬዝ ጣቢያ ላይ ያለው ምስል በቁፋሮው ወቅት የተገኘው የአዝቴኮች የነፋስ አምላክ የኤሄካትል መሠዊያ ነው። ከዚያ 60 ዓመት በፊት የለንደኑ አርክቴክት ሌስሊ ግሪን በ1906 እና 1907 በተከፈቱ ጣቢያዎቹ ለእያንዳንዱ የተለየ የሴራሚክ ቀለምና ንድፍ ሰጥቶ ነበር። ቶኪዮም ከ2004 ጀምሮ የመስመሩን ፊደልና ተራ ቁጥር ከስሙ ጋር አብራ ትጽፋለች፤ ጊንዛ በጊንዛ መስመር ላይ ጂ09 ነው። አንተም ቁጥሩን ከመጀመሪያው ቦታ አስይዝለት።

በሰው ስም መሰየሙን ግን ደግመህ አስብበት። ስም ይለወጣል፣ ግድግዳ አይለወጥም። ሞስኮ በ1935 ሊሠራ ለታሰበው ታላቅ ቤተ መንግሥት «የሶቪየቶች ቤተ መንግሥት» ያለችው ጣቢያ ነበራት፤ ሕንፃው ሳይሠራ ቀረ፣ ጣቢያው በ1957 ክሮፖትኪንስካያ ሆነ። ፓሪስ ጦርነቱ በ1914 ሲጀመር «በርሊን» የሚባለውን ጣቢያ «ሊዬዥ» አለችው። ማድሪድ ደግሞ ከ2013 እስከ 2016 መሐል ከተማ ያለውን «ሶል» ለአንድ የስልክ ኩባንያ ማስታወቂያ ሸጣ «ቮዳፎን ሶል» ተብሎ ነበር። ስም ሲለወጥ የሚለወጠው የአንድ ጣቢያ ሰሌዳ አይደለም፤ በመስመሩ ሁሉ ያለ ካርታ፣ በባቡሩ ውስጥ የተቀዳ ድምፅ፣ የትኬት ሶፍትዌሩ፣ የአደጋ ጊዜ ዕቅዱ ነው። የአንተ 60 ሜትር ሥዕል የስሙ ባለቤት ታሪክ ከሆነ ስሙ በተለወጠ ማግስት ሥዕሉ ከሳሽ ወይም ተከሳሽ ሆኖ ይቀራል። ጣቢያውን በላዩ ባለው ሰፈር ወይም አደባባይ ሰይመው፤ ሰውየው ሥዕሉ ውስጥ ይኑር፣ ሰሌዳው ላይ አይኑር።

ሰሌዳውን በተመለከተ፦ የፊደሉ ቁመት ከሚነበብበት ርቀት 1/250 ይሁን የሚለው የተለመደ መነሻ ነው። በግዕዝ ፊደል ከሆነ 1/200 ውሰድ፤ ሱና ሲን የሚለየው አንዲት ጭረት የት እንደተቀጠለች ብቻ ነው፣ እሷም ከፊደሉ ሁሉ ትንሿ አካል ናት። ከ20 ሜትር የሚነበብ ከሆነ 100 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከኋላ የሚበራ ሰሌዳ ላይ ብርሃኑ ጭረቶቹን አወፍሮ ስለሚያሳይ ፊደሉን ነጭ፣ መደቡን ጥቁር ካደረግህ ውፍረቱን ቀንሰው። ሙሉ በር ስላለህ ስሙ በየበሩ ራስጌ ላይ ይጻፍ፤ ለተቀመጠ ተሳፋሪ ደግሞ በሁለት በሮች መሐል ባለው መስታወት ላይ በዓይኑ ትይዩ ይደገም። ሁለቱም ወደ ባቡሩ የዞሩ ይሁኑ፤ ስሙን ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ለመውረድ የሚወስነው ሰው ነው።


ነዳፊው

እጅግ አመሰግናለሁ። ሥዕሉን ወደ ተንቀሳቃሽ ደረጃው ቦይ ወስጄዋለሁ፤ በሁለቱም ጎን 22 ሜትር፣ ሞዛይክ፣ በሚወርድ ሰሌዳ ላይ። ስሙ በአደባባዩ ይሆናል። አንድ የቀረኝ፦ ሰሌዳዎቹ ወደፊት እንዲወርዱ ከተሠሩ ማን መቼ ያወርዳቸዋል?


ጠጠር በጠጠር

ጣቢያው ሲሰፋ ነው የሚወርዱት። ለንደን ቶተናም ኮርት ሮድ ላይ ኤድዋርዶ ፓውሎዚ በ1980ዎቹ የሠራው ሞዛይክ ጣቢያው ለአዲስ መስመር ሲሰፋ አብዛኛው ቢተርፍም ከተንቀሳቃሽ ደረጃዎቹ በላይ የነበሩት ቅስቶች በ2015 ወረዱ፤ ስብርባሪው ወደ ኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተወሰደ። በቀጥታ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነበርና ሳይሰበር የሚወርድበት መንገድ አልነበረም። ውሉ ላይ ሦስት ነገር አስገባ፦ ሥራውን ማውረድ የሚችለው ማን እንደሆነና ሠዓሊው ስንት ጊዜ ቀድሞ እንደሚነገረው፤ የየሰሌዳው ቁጥርና ፎቶ ያለበት መዝገብ ከጣቢያው የጥገና ሰነድ ጋር እንዲቀመጥ፤ ከየቀለሙ ቢያንስ 5 በመቶ ትርፍ ጠጠር፣ የእቶኑ ቁጥር ተጽፎበት። መስታወት በሌላ ጊዜ ሲቀለጥ ያው ቀለም አይወጣም፤ ከ20 ዓመት በኋላ የምትገዛው ሰማያዊ ሥዕሉ ላይ እንደ መጣፊያ ይታያል። ትርፉ ጠጠር ደግሞ ጣቢያው ውስጥ በሚቆለፍ ክፍል ይሁን፤ የሥራ ተቋራጩ መጋዘን ውስጥ የቀረ ጠጠር ተመልሶ አይገኝም።


የሌሊት ፈረቃ

የዚያን ክፍል ቁልፍ ለጥገና ክፍሉ ስጡት። እሱም ንድፉ ላይ በቁጥር ይግባ፤ 2 ካሬ ሜትር ይበቃዋል፣ ካልተሳለ ግን ገመድ ይሞላበታል።